የቦኬሩ ድራክ ዘንዶ ነው ወይስ መንፈስ?

ጥያቄ፦ በደቡብ ፈረንሳይ፣ በቦኬር ከተማ አደባባይ፣ «ድራክ» የሚባል ዘንዶ መሳይ ሐውልት አየሁ። የአገሩ ሰዎች ግን ድራክ ሴቶችን ወደ ወንዝ የሚጎትት ክፉ መንፈስ ነው አሉኝ። የትኛው ነው ትክክል? የሚያጠቡ እናቶችን ይወስዳል የሚባለውስ ለምንድን ነው? (አንባቢያችሁ፣ ከማርሴይ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ለጥንቱ ትረካ የሚቀርበው ሰዎቹ የነገሩዎት ነው። በደቡብ ፈረንሳይዋ ከተማ በአርል ይኖር የነበረው እንግሊዛዊው የቲልበሪው ጀርቫስ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1215 ገደማ ለንጉሠ ነገሥት አራተኛው ኦቶ ባዘጋጀው የላቲን መጽሐፍ፣ ድራኮች በቦኬር አጠገብ በሚፈሰው በሮን ወንዝ ዋሻዎች እንደሚኖሩ፣ የሰው መልክ ይዘው ገበያ እንደሚወጡ፣ ሴቶችንና ልጆችንም በውኃ ላይ በሚንሳፈፍ የወርቅ ቀለበት ወይም ዋንጫ እያባበሉ እንደሚያሰጥሙ ጽፏል።

ጀርቫስ ራሱ አየኋት የሚላት ሴት ታሪክ ከሁሉም ልብ ይነካል። ወንዝ ዳር ልብስ ስታጥብ የእንጨት ዋንጫ ሲንሳፈፍ አይታ ልትይዘው ጠለቅ ወዳለው ገባች፤ ድራኩም ይዟት ወረደ፤ ልጁን እንድታጠባለትም 7 ዓመት አቆያት። አንድ ቀን እባብ መሳይ ዓሣ በሊጥ ተጠቅልሎ የተጋገረ ምግብ ሰጥቷት ስትበላ፣ ስብ በነካው ጣቷ አንድ ዐይኗን ብታሽ ያ ዐይን የተሰወረውን ሁሉ ማየት ቻለ። ወደ ቤቷ ስትመለስ ባሏና ወዳጆቿ በጭንቅ አወቋት። ከጊዜ በኋላ በቦኬር ገበያ ድራኩን አይታ ሰላምታ ሰጠችው፤ ስለ እመቤቷና ስላጠባችው ልጅም ጠየቀችው። እርሱም በየትኛው ዐይኗ እንዳየችው ጠይቆ ያንኑ ዐይን በጣቱ ነካው፤ ከዚያ ወዲያ አላየችውም።

ረቂቃን ፍጡራን ልጆቻቸውን ለማሳደግ የሰው ወተት ይሻሉ የሚለው እምነት በአየርላንድና በብሪታንያ ተረቶችም ይገኛል። ይሁን እንጂ እዚህ ላይ የወንዙን ጠባይ መርሳት አይገባም፤ ሮን ኃይለኛ ወንዝ ነው፣ ልብስ ለማጠብ ወደ ዳርቻው የሚወርዱትም ሴቶች ነበሩ፤ ከነርሱም ብዙዎቹ ጡት የሚጠባ ልጅ ቤታቸው ትተው የሚመጡ እናቶች መሆናቸው አያጠራጥርም።

ዘንዶ መሳዩ አውሬ ታራስክ ግን ከወንዙ ማዶ ያለችው የታራስኮን ከተማ ነው፤ እርሱን ቅድስት ማርታ እንደገራችው ይተረካል። እንደ እኔ እምነት ሐውልቱ የድራክን አስፈሪነት ይቀንሰዋል፤ ከዘንዶ ሰው ይሸሻል፣ ገበያተኛ መስሎ ከሚቆመው ግን ማንም አይሸሽም። የፕሮቫንሱ ባለቅኔ ፍሬዴሪክ ሚስትራል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1897 ስለ ሮን ባሳተመው ረጅም ግጥምም አንግሎር የተባለችው ልጃገረድ የኦራንዡን ልዑል የምትወደው ድራክ መስሏት ነው።