ጉድጓዱ ዳር የነበረው ስንጥቅ

ሰላም ልጆች። ዘንድሮ ተመርቃችሁ ሳይት የምትገቡ አላችሁ። ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። እኔ ከ30 ዓመት በላይ ግንባታ ላይ ኖሬያለሁ፤ መጀመሪያ በረዳት ፎርማንነት፣ በኋላ በሳይት መሐንዲስነት። የአርማታውን ሒሳብ ተምራችሁታል። እኔ ማውራት የምፈልገው ጠዋት የመጣ ሠራተኛ ማታ በእግሩ ቤቱ ስለመግባቱ ነው።

አንድ ቀን ልንገራችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ፣ ጥቁር አፈር ላይ፣ ለፍሳሽ መስመር ቦይ እናስቆፍር ነበር። ጥልቀቱ 2 ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ጥቁር አፈርን ታውቁታላችሁ፤ በበጋ ይሰነጣጠቃል፣ ውኃ ሲያገኝ ያብጣል። ሌሊቱን ዝናብ ጥሎ አድሯል። ጠዋት ስደርስ ከቦዩ አፍ አንድ እርምጃ ያህል ርቆ፣ ከቦዩ ጋር ጎን ለጎን የሚሄድ ስንጥቅ አየሁ። ቀጭን ነው፤ እርሳስ እንኳ አያስገባም። ተሻግሬው አለፍኩ። «ዛሬ ቧንቧው ይለቅ፣ ነገ እንሞላዋለን» አልኩ በልቤ። የተቆፈረውም አፈር እዚያው አፋፉ ላይ ተከምሮ ነበር።

ረፋድ ላይ ተደረመሰ። ድምፁ ትልቅ አልነበረም፤ ሲሚንቶ የያዘ ከረጢት መሬት ላይ ሲጣል እንደሚሰማው ያህል ነው። አንድ ወጣት የቀን ሠራተኛ እስከ ደረቱ ተቀበረ። ጭንቅላቱ ከላይ ነው። ያየናል፤ መጮህ ግን አልቻለም። አንድ ሜትር ኩብ አፈር ከአንድ ቶን ተኩል በላይ ሊመዝን ይችላል። ያ ደረት ላይ ሲጫን ሰው የወጣውን አየር መልሶ መሳብ ያቅተዋል። ጓደኞቹ ዘለው ሊገቡ ሲሉ አንድ አዛውንት ግንበኛ አካፋቸውን አግድም ይዘው ከለከሏቸው። «እናንተም ልትቀበሩ ነው?» አሉ። ኤክስካቫተሩንም አስቆሙት። መጀመሪያ ጎንና ጎኑ በጣውላ ተደገፈ፤ ከዚያ በእጅ፣ በባልዲ አወጣነው። ልጁ ተርፏል። ዳሌው ግን ተሰብሮ ስለነበር ከዚያ በኋላ ሸክም መሥራት አልቻለም።

ሰፈሩ ሁሉ «ቀኑ አልደረሰም ነበር» እያለ አመሰገነ። እኔም አብሬ አመሰገንኩ። ስንጥቁን ግን ከጠዋት ጀምሮ አውቀው ነበር።

ያን ቀን ሁላችንም ሄልሜት አድርገናል። እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። ብዙ ሳይት ላይ ደኅንነት ሲባል ሄልሜት፣ ጓንትና ሴፍቲ ጫማ ማለት ነው። እነዚህ ግን መጨረሻ ላይ የሚመጡ ናቸው። መጀመሪያ የሚጠየቀው «ይህን አደጋ ጭራሽ ማስቀረት ይቻላል ወይ?» የሚለው ነው። በእኛ ቦይ ይቻል ነበር። የፕላስቲክ ቧንቧውን ከቦዩ ውጭ ገጣጥመን በገመድ ብናወርደው፣ ሰው እታች የሚቆይበት ሰዓት በጣም ባጠረ። ሰው መግባቱ ግድ ከሆነ ደግሞ የቦዩን ጎን ተዳፋት አድርጎ መቁረጥ፣ ቦታ ከጠበበ በጣውላና በፑንቴሎ፣ ማለትም በድጋፍ ምሰሶ፣ መደገፍ አለ። ቦዩ 1 ሜትር ተኩል ካለፈ ያለ ድጋፍ ሰው አታስገቡ፤ አፈሩ ከላላ ከዚያ በታችም ቢሆን ደግፉት። የወጣውን አፈር ከአፋፉ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር አርቁት። ከባድ መኪና ዳሩን አታስጠጉ። መሰላል እታች ካለው ሰው አጠገብ ይኑር። ከዝናብ በኋላ ማንም ሳይወርድ ራሳችሁ ዞራችሁ እዩ። ሄልሜቱ የሚመጣው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

ከፍታ ላይም ነገሩ ያው ነው። ፌሮውን፣ የአርማታውን ብረት፣ ምድር ላይ አስሮ ማውጣት ከተቻለ ፌራዮው፣ ብረት አሳሪው፣ ለምን እላይ ተንጠልጥሎ ይሰር? ሶሌታ፣ የፎቁ የአርማታ ወለል፣ ሲሞላ ዳር ዳሩ መከለያ ይደረግለት። የሊፍቱ ጉድጓድ በጣውላ ይዘጋ፣ ጣውላውም በሚስማር ይመታ። እንዲሁ የተጣለ ፕላይውድ ከክፍት ጉድጓድ የባሰ ነው፤ ሰው አምኖት ይረግጠዋል። የባህር ዛፍ መወጣጫችንንም አደራ። ሦስት ሳይት የዞረ፣ ሚስማር የበሳሳው እንጨት ከሩቅ ሲያዩት ደህና ይመስላል። ቀረብ ብላችሁ በእጃችሁ ነቅንቁት። ሴፍቲ ቤልት ያደረገ ሠራተኛ ስታዩም መንጠቆው የት እንደታሰረ ተመልከቱ። ብዙ ጊዜ የትም አልታሰረም።

ሲሚንቶም ቀስ ብሎ ይጎዳል። እርጥብ አርማታ ጫማ ውስጥ ገብቶ ከዋለ ቆዳ ያቃጥላል። በባዶ እጃቸው የሚያቦኩትን ሴቶች እጅ አንድ ጊዜ ዘርግታችሁ እዩ። ጓንት ስጧቸው፣ መታጠቢያ ውኃም ቅርብ ይሁን። ድንጋይና ሴራሚክ ሲቆረጥ ውኃ ይፍሰስበት፤ ብናኙ ሳንባ ውስጥ ይቀራል።

ሕጉ ከእናንተ ጋር ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 የሠራተኛውን ደኅንነት የመጠበቅ ግዴታ አሠሪው ላይ ይጥላል። አንቀጽ 32 ደግሞ ለሠራተኛው መብት ይሰጣል። የሚያሰጋ አደጋ መኖሩን አሠሪው እያወቀ እርምጃ ካልወሰደ፣ ሠራተኛው ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ ሥራውን መልቀቅ ይችላል። ግን እውነቱን እንነጋገር። በቀን የሚከፈለው ልጅ «አልወርድም» ካለ ነገ ጠዋት ስሙ አይጠራም። ልጁም ይህን ያውቃል። ስለዚህ ያን ቃል እሱ እስኪናገር አትጠብቁ። ደመወዝ ያለን፣ ፊርማ ያለን እኛ ነን መጀመሪያ መናገር ያለብን።

ሳይት ላይ «ለጥቂት!» የምትባል ቃል አለች። ጡብ ከላይ ወድቆ ሰው አጠገብ ሲያርፍ «ለጥቂት!» ይባላል፣ ይሳቃል፣ ሥራ ይቀጥላል። እኔ ከዚያ ቦይ በኋላ ይህችን ቃል በሰማሁ ቁጥር ደብተሬ ላይ እጽፍ ጀመር። የት ነው? ስንት ሰዓት? ጡቡን ማን አስቀመጠው? ለምን ዳር ላይ? ደብተሩ ሲገለጥ አንድ ቦታ ሦስት ጊዜ ተጽፎ ታገኛላችሁ። እዚያ ቦታ ላይ አራተኛው እስኪመጣ አትጠብቁ።

ባለፈው ክረምት አንድ ሳይት ጎብኝቼ ነበር። ሁለት ዓመት ያልሠራች መሐንዲስ ልጅ ቁፋሮ አስቁማለች። ካፖው፣ የሠራተኞቹ አለቃ፣ ይጮሃል፤ ቀን እየሄደ ነው፣ ኤክስካቫተሩ በሰዓት ይከፈልበታል። እሷ ድምፅዋን ሳታነሳ «ፑንቴሎው ሳይገባ ማንም አይወርድም» ትላለች ደጋግማ። ባለቤቱ ተደወለለት። ለእሱም ይህንኑ መለሰችለት። እኔ ጠጋ ብዬ አፋፉን አየሁት፤ ስንጥቅ የለም። «ምን አይተሽ ነው?» አልኳት። «ሌሊት ዘንቧል ጋሼ» አለችኝ።

ሠራተኞቹ ጣውላው እስኪመጣ ከአፋፉ ራቅ ብለው ተቀምጠው በሶ ይበጠብጡ ነበር።