ጠይቁን፦ «ኪራይ አልከፈለኝም፣ እንዴት ነው ማስወጣው?»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ያለሁት ፍኖተ ሰላም ነው። ግቢዬ ውስጥ ያሉትን ሁለት ሰርቪስ ክፍሎች ለአንድ ወጣት ነጋዴ የአንድ አመት ውል ተዋውለን በወር 3,500 ብር አከራይቼዋለሁ። ልጁ ጨዋ ነው ግን የታህሳስንም የጥርንም አልከፈለኝም፣ ስጠይቀው መንገድ ተዘግቶ እቃ አልገባልኝም፣ ነገ ከነገ ወዲያ ይለኛል። ሽማግሌም ላኩበት፣ እሺ ብሎ እዛው ነው። ውላችን ላይ ደሞ «ኪራይ አምስት ቀን ካሳለፈ ያለምንም ቅድመ ሁኔታ ቤቱን ይለቃል» የሚል አለበት። ጎረቤት ቁልፉን ቀይሪው ይለኛል። እኔ የምተዳደረው በዚሁ ኪራይ ነው፣ ምን ላርግ?
(አከራይዋ እናት)

መልስ፦ እትዬ፣ ከሁሉ በፊት ቁልፉን እንዳይነኩት። ዛሬ ባለዕዳው እሱ ነው፣ ቁልፍ የቀየሩ ቀን ግን ተከሳሽ የሚሆኑት እርስዎ ነዎት፣ ልጁም ፍርድ ቤት ሄዶ ስለ 7,000 ብሩ ሳይሆን ስለ ቁልፉ ነው ሚያወራው፣ እቃዬ ውስጥ ጠፋ ቢልማ ሌላ ጣጣ።

የአምስት ቀኗን ነገር ይርሷት። ኮምፒውተር ቤት የሚታተመው የኪራይ ውል አብዛኛው ኮፒ ፔስት ነው፣ ከአንዱ ወደ አንዱ ይገለበጣል እንጂ ሕጉን ያየው ሰው ያለ አይመስለኝም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2952 ላይ ኪራይ ሲዘገይ አከራዩ በማስጠንቀቂያ ቀን ቆርጦ ይሰጣል፣ በዛ ቀን ካልተከፈለ ውሉን ያቋርጣል ይላል። ውሉ የአንድ አመት ወይ ከዛ በላይ ከሆነ ቀኑ ከ30 አያንስም፣ ከአንድ አመት በታች ከሆነ ደሞ ከ15። ይሄን የሚያሳጥር ወይም ወዲያው አስወጣለሁ የሚል ነገር ውል ላይ ቢጻፍና ሁለታችሁም ብትፈርሙበት እንኳ ዋጋ የለውም። የእርስዎ የአንድ አመት ውል ስለሆነ 30 ቀን ነው።

ስለዚ ደብዳቤ ይጻፉለት። ማሳመር አያስፈልግም፣ የእርስዎና የሱ ሙሉ ስም፣ ቤቱ የት እንደሆነ፣ ውሉ መቼ እንደተፈረመ፣ የየትኞቹ ወራት ኪራይ እንዳልተከፈለና በድምሩ ስንት እንደሆነ፣ ከዛ ቁርጥ ያለ ቀን። ለምሳሌ «የታህሳስና የጥር ወር ኪራይ በድምሩ 7,000 ብር እስከ መጋቢት 6 ቀን ድረስ ካልከፈሉ ውሉን አቋርጬ ቤቱን እንዲለቁ የምጠይቅ መሆኔን አስታውቃለሁ»። «በአስቸኳይ» ብለው አይተዉት፣ አስቸኳይ ቀን አይደለም። የኛ ወር ከጳጉሜ በቀር ሁሌም 30 ስለሆነ ቆጠራው ቀላል ነው፣ የካቲት 5 እጁ ከገባ መጋቢት 5 ላይ ይሞላል፣ አንድ ቀን ጨምረው መጋቢት 6 ቢሉ ደሞ አልሞላም ብሎ ሚከራከር አይኖርም። ቀኑን የሚቆጥሩት ከጻፉበት ሳይሆን እሱ ከተቀበለበት ነው።

ብዙ ሰው ሚሸነፈው እዚች ጋ ነው፣ ደብዳቤውን ይሰጥና መስጠቱን የሚያሳይ ወረቀት አይኖረውም። ሁለት ኮፒ ያርጉና አንዱ ላይ «ተቀብያለሁ» ብሎ ከነቀኑ ይፈርምልዎ። አልፈርምም ካለ አይጣሉት፣ ሁለት ሰው ባለበት ይስጡትና ምስክሮቹ ይፈርሙ። የላኩት ሽማግሌዎች ለዚህ ይሆናሉ፣ የሱ ዘመድ ያልሆኑም የእርስዎ ልጆች ያልሆኑም ቢሆኑ ይመረጣል። በፖስታ ቤት በአደራ መላክም ይቻላል። በስልክ ሜሴጅ የተጻጻፋችሁትንም አያጥፉት፣ «ነገ እከፍላለሁ» ያለበት ሜሴጅ ዕዳውን ማመኑን ያሳያል። በቃል ብቻ ነግሬዋለሁ ማለት ግን ዳኛ ፊት ከባድ ነው፣ እሱ አልተነገረኝም ካለ በምን ያስረዳሉ?

እንግዲህ በ29ኛው ቀን ሙሉውን ይዞ ቢመጣስ? ተቀብለው ደረሰኝ ይስጡት፣ ውሉ ይቀጥላል፣ በዚህ ዕዳ ምክንያት ማስወጣት አይችሉም። ቢያናድድም እንደዛ ነው። ቀኑ አልፎ ካልከፈለ ደሞ ወረዳ ፍርድ ቤት ነው፣ ያልተከፈለው ኪራይና ቤቱን ይልቀቅልኝ የሚለው ባንድ ክስ ይገባል፣ ውሉን፣ የማስጠንቀቂያውን ኮፒና የምስክሮቹን ስም ያያይዛሉ። ተፈርዶበትም አልወጣም ካለ ራስዎ እቃ ማውጣት የለም፣ እዛው ፍርድ ቤት አፈጻጸም ይከፍታሉ፣ ማለትም ፍርዱን ፍርድ ቤቱ ራሱ እንዲያስፈጽምልዎ ያመለክታሉ።

ሌላው፣ የ2016ቱ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 የሚባል አለ። የሚሠራው በአዲስ አበባ፣ በድሬዳዋና ክልሎች በሚመርጧቸው ከተሞች ነው፣ እና የናንተ ከተማ ገብቶበት እንደሆነ ከደብዳቤው በፊት ከተማ አስተዳደሩ ቤቶች ክፍል ሄደው ይጠይቁ። ገብቶበት ከሆነ ነገሩ ይቀየራል፣ ውል በጽሁፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፣ ከ2 አመት ማነስ አይችልም፣ ቅድመ ክፍያም ከ2 ወር አይበልጥም፣ ውል ስለማቋረጥም የራሱ ደንብ አለው። ያኔ ያንድ አመቱ ውልዎ ራሱ ጥያቄ ይነሳበታል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ደብረ ማርቆስ ነው ምኖረው፣ አስተማሪ ነኝ። ደሞዝ ዘግይቶ የአንድ ወር ኪራይ አለብኝ። አከራዬ ምንም ደብዳቤ ሳይሰጠኝ መጀመሪያ መብራት አጠፋ፣ ትናንት ከስራ ስመለስ በሩ ላይ ሌላ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። መብት አለው?

መልስ፦ የለውም እህቴ። ዕዳሽ ዕዳ ነው፣ በሩን ግን ራሱ ፈርዶ መቆለፍ አይችልም። ፖሊስ ጋ ብትሄጂ የፍታብሔር ጉዳይ ነው ብሎ ሊመልስሽ ይችላል፣ እንደዛም ሆኖ አመልክቺ፣ ቀኑ ይመዘገብልሻል። ዋናው መንገድ ግን ፍርድ ቤት «ሁከት ይወገድልኝ» ብሎ መክሰስ ነው፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1149 ማለት ነው፣ ድርጊቱ ሁለት አመት ካለፈው ክሱ ተቀባይነት የለውም፣ አንቺ ግን ነገ ዛሬ አትበዪ፣ ልብስሽም የተማሪ ፈተናም እዛ ውስጥ ነው። የተቆለፈውን በር ፎቶ አንሺ፣ ያየ ጎረቤት ስም ያዢ። ጠበቃ መያዝ ካልቻልሽ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ደሞዝሽ እንደገባ ደሞ ኪራዩን በባንክ ሒሳቡ አስገቢለት፣ ምክንያቱ ላይ የየትኛው ወር እንደሆነ ጻፊበት፣ እጅ በእጅ ያለ ደረሰኝ እንዳትሰጪው።