«ሕይወት አልባ» ወይስ «ኢሕይወታዊ»?

ጠያቂዬ ለተማሪዎች የሚሆን የሳይንስ ታሪክ በመተርጎም ላይ ናቸው። ምዕራፉ የተፈጥሮ ተመራማሪው ኤድዋርድ ፎርብስ በግሪክና በቱርክ መካከል ባለው በኤጂያን ባሕር ያደረገውን ጥናት ይተርካል። ፎርብስ ከተወሰነ ጥልቀት በታች እንስሳ አይኖርም ብሎ ነበር። ያንን የባሕር ክፍል ጠያቂዬ «ሕይወት አልባ ቀጠና» አሉት። አርታኢያቸው ግን «ኢሕይወታዊ ቀጠና» ብለው አረሙት። «የቱ ይሻላል?» ይላሉ።

የእርስዎ ይሻላል። ምክንያቱን ግን ዘርዘር አድርጌ ልንገርዎ፤ በዚህች «ኢ» ጉዳይ ብዙ ጊዜ ተከራክሬያለሁና።

«ኢ» ቅጽል ላይ ስትገባ የምትክደው ባሕርይን ነው። «ኢሰብአዊ ድርጊት» ስንል ድርጊቱ ከሰው አይጠበቅም ማለታችን ነው። ቦታው ላይ ሰው አልነበረም ማለታችን አይደለም። «ኢሕይወታዊ»ም እንዲሁ ነው። ብርሃን፣ ጨው፣ ድንጋይ ኢሕይወታዊ ናቸው። የፎርብስ ጥያቄ ግን ሌላ ነበር፤ እዚያ ታች እንስሳ አለ ወይስ የለም?

«አልባ» የምትመልሰው ይህንን ነው። ሥሯ ግዕዝ ነው። «ቦ» ማለት «በእርሱ አለ»፣ «አለው» ማለት ነው፤ መስተዋድዱ «በ» ከተውላጠ ስም ጋር ተጣብቆ። አሉታው «አልቦ» ይሆናል። ለሴት «አልባ»፣ ለአንተ «አልብከ»፣ ለእኔ «አልብየ» እያለ ይረባል። አማርኛ ከዚህ ሁሉ የሴቷን መርጦ ለወንዱም ለሴቱም፣ ለነጠላውም ለብዙውም አዋላት። ስለዚህ «ሕይወት አልባ ቀጠና» ስንል ያቺ «በ» ዛሬም ውስጧ አለች። በቀጠናዋ ሕይወት የለም፣ በቃ። ለቦታ ከዚህ የተሻለ ቃል አላውቅም።

«አልባ የሚባለው ኖሮት ለጠፋበት ብቻ ነው» የሚሉ አሉ። ወላጅ አልባ ልጅን ይጠቅሳሉ። ታዲያ ገመድ አልባ ስልክ መቼ ገመድ ነበረው? ሰው አልባ አውሮፕላንስ አብራሪው ወርዶለት ነው? ይህ ሕግ ከግዕዙም ከአማርኛውም አልመጣም። ሰው የፈጠረው ነው።

ወደ ፎርብስ ልመለስ፤ የቃሉ ጣጣ ያለው እዚያ ነው። ፎርብስ በ1841 እና በ1842 እ.ኤ.አ. «ቢከን» በምትባል የእንግሊዝ ባሕር ኃይል የቅየሳ መርከብ ላይ ሆኖ ሠራ። በብረት ክፈፍ የተያዘ ከረጢት ወለሉ ላይ እያስጎተተ ቀንድ አውጣውን፣ ዛጎሉን፣ የባሕር ኮከቡን ያወጣል። የትኛው ከየትኛው ጥልቀት እንደወጣ ይመዘግባል። ባሕሩን በጥልቀት 8 ቀጠና አድርጎ ከፈለው፤ ውጤቱንም በ1843 ለብሪታንያ የሳይንስ ማኅበር አቀረበ። በወረደ ቁጥር ዝርያውም ብዛቱም ይቀንሳል። ከዚህ ተነሥቶ 300 ፋዘም ገደማ፣ ማለትም 550 ሜትር አካባቢ፣ ሕይወት ያበቃል ብሎ ገመተ።

ከረጢቱ የደረሰው ግን ቢበዛ 230 ፋዘም ነው፤ ወደ 420 ሜትር። 300ው ላይ አልወረደም። ያ ባዶነት በስሌት የተገኘ «አልቦ» ነው፣ ዜሮ ነው። ለዚያውም የኤጂያን ባሕር ምግብ የሚያንሰው፣ በፍጥረትም የሳሳ ባሕር ነው። ከእርሱ ተነሥቶ ስለ ውቅያኖስ ሁሉ መናገር አይቻልም ነበር።

ግምቱ ግን ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ እንደ እውነት ተያዘ። በ1860 በሰርዲኒያና በአልጄሪያ መካከል የተዘረጋ የቴሌግራፍ ገመድ ለጥገና ሲወጣ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ ተኝቶ የነበረው ክፍል ኮራል በቅሎበት ተገኘ። በ1869 ደግሞ «ፖርኪዩፓይን» የተባለችው መርከብ ከ2,435 ፋዘም፣ ከ4,400 ሜትር በላይ ጥልቀት፣ ሕይወት ያላቸው እንስሳት አወጣች።

ስለዚህ ጠያቂዬ፣ «ሕይወት አልባ» ትክክል ቢሆንም ብቻውን አይተዉት። «አልባ» ቁርጥ ያለ ቃል ነው፤ «የለም» ይላል። ፎርብስ በእጁ የነበረው «እያነሰ መጣ» የሚል መዝገብ ነው። «ፎርብስ ሕይወት አልባ ይሆናል ብሎ የገመተው ቀጠና» ብለው ይጻፉ። ሦስት አራት ቃል ይጨምራል፣ ይጨምር። ተማሪው ባልተገኘና በሌለ መካከል ያለውን ልዩነት የሚማረው እንዲህ ካለው ዓረፍተ ነገር ነው።

ጥያቄዎ ግርጌ ላይ ስለ እንስሳቱ መጠሪያም ጠይቀዋል፤ «ኢደንደሴ» ወይስ «አከርካሪ አልባ»? እኔ «ኢደንደሴ» አይጥመኝም። ደንደስ የአማርኛ ቃል ነው፤ የግዕዟን «ኢ» ሲያስቀድሙበት ጆሮዬን ይጎረብጠኛል። «ኢመደበኛ»ም እንዲሁ። አንድ ነገር ግን መካድ አልችልም። «አልባ»ም ከግዕዝ የመጣች ናት፣ ከአማርኛ ቃል ጋር ስትዳበልም ማንም አልተቃወማትም። ግዕዝ ራሱም «ኢመዋቲ» (የማይሞት) ይላል፤ «ኢ»ን ከግሥ ውጭ መጠቀም አዲስ ነገር አይደለም። ቅሬታዬ የጆሮ እንጂ የሰዋስው አይደለም። ተማሪውም ቃሉን ለምዶታል። እንግዲያው «ኢደንደሴ» ብለው ይጻፉ። መጀመሪያ ሲጠቅሱት ብቻ ቅንፍ ውስጥ «አከርካሪ አልባ» ይጨምሩልኝ።