መልስ፦ የዓሣ ተመራማሪና የሕክምና ተመራማሪ በኤች-ኢንዴክስ ይወዳደራሉ ወይ?

ወንድሜ፣ «ባሕር ዳር ጣና ላይ ዓሣ የሚያጠናው ኤች-ኢንዴክሱ 9፣ ሕክምና የሚያጠናው ጓደኛው 25፤ ማን ይበልጣል?» ላልከው፣ በዚህ ብቻ አይታወቅም። ኤች-ኢንዴክስ የአንድ ተመራማሪ ጽሑፎች በሌሎች ጽሑፎች ምን ያህል እንደተጠቀሱ የሚያሳይ ቁጥር ነው፤ 9 ማለት እያንዳንዳቸው ቢያንስ 9 ጊዜ የተጠቀሱ 9 ጽሑፎች አሉት ማለት ነው፣ በቃ። መለኪያውን በፈረንጆቹ 2005 ያመጣው የፊዚክስ ሊቁ ሆርሄ ሂርሽ ራሱ ከዘርፍ ዘርፍ እንደሚለያይ ያኔውኑ ጽፏል።

ሕክምና ላይ የሚጽፈው ሰው መዓት ነው፣ አንድ ጽሑፍ ላይ ደራሲው ይበዛል፣ ስለዚህ ጥቅሱ ይጎርፋል። ሒሳብ ላይ ግን ጥሩ ጽሑፍም ዓመታት ቆይቶ ነው የሚጠቀስ። ወደ ሰውዬህ ስንመጣ፣ ከጣና ላቤዮባርበስ ዓሦች ብዙዎቹ ከዚህ ሐይቅ ሌላ የትም የሉም፤ ስለ እነሱ የጻፈውን ማን ይጠቅስለታል? በጣት የሚቆጠር ሰው። ያው ሰው ስለ እምቦጭ ቢጽፍ ግን ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ ያለውም፣ ሕንድ ያለውም ይጠቅሰዋል፣ አረሙ እነሱንም አስጨንቋላ! ጉብዝናው ያው ነው፣ የተለወጠው ርዕሱ።

ማወዳደር ካለብህ በዘርፉና በሥራ ዘመኑ ከሚመሳሰለው ጋር አድርገው። ቁጥሩንም ከአንድ ቦታ ውሰድ፤ የምርምር ጽሑፎችንና ጥቅሶቻቸውን ከሚመዘግቡት ድረ ገጾች መካከል ጉግል ስኮላር አብዛኛውን ጊዜ ከስኮፐስ አብልጦ ይቆጥራል። ስኮፐስ ላይ ደግሞ በዘርፍ የተመዘነ የጥቅስ መለኪያ አለ፣ 1 የዓለም አማካይ ነው፣ እሱን እየው።