ፆም ሲገባ ወተት ከቤታችን ይጠፋል

ጥያቄ፦ ሰላም እንዴት ናችሁ፣ የምኖረው ጅማ ሂርማታ አካባቢ ነው፣ ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ትልቋ 5 ዓመቷ ነው ትንሹ 2 ተኩል። በፍስክ በቀን 1 ሊትር ወተት እንወስዳለን፣ ፆም ሲገባ እኔና ባለቤቴ ስለምንጾም እናስቆማለን፣ ከፋሲካ በኋላ ስጠይቅ ደግሞ ባለላሟ ሌላ ደንበኛ ይዣለሁ ትለኛለች። ሙስሊም ጎረቤቴ ገቢያችን እኩል ነው ግን እሷ ቤት ወተት አይጠፋም። ችግሩ ብር ነው ወይስ እኛው ነን?

መልስ፦ እህቴ ብሩማ አለበት። የላም መኖው፣ ፋጉሎና ፍሩሽካው፣ በተወደደ ቁጥር ወተቱም ይወደዳል፣ የአበሻ ላም ደሞ በቀን ከ1 ወይ ከ2 ሊትር ብዙም አታልፍም፣ ዲቃላዋ ብዙ ትታለባለች ግን መኖዋ አይቻልም፣ ስለዚህ በባለላሟ አትፍረጂ። ገቢያችሁ እኩል ከሆነ ግን ከጎረቤትሽ የሚለያችሁ ፆሙ ነው። ረቡዕና አርብ አለ፣ ሁዳዴ ብቻውን 55 ቀን ነው፣ ፍልሰታ 15፣ ነቢያትና ሐዋርያት ሲጨመሩ የዓመቱ ግማሽ ገደማ ሄደ ማለት ነው፣ ላሟ ደሞ በየቀኑ መታለብ አለባት፣ ባለቤቷ ወይ አርግታ ንጣ ቅቤ ታወጣለች ወይ ዓመቱን ሙሉ ለሚወስድላት ሰው ትሰጣለች። ጎረቤትሽ የማታቋርጥ ደንበኛ ናት።

እኔን ከሁሉ ያሳሰበኝ ግን የልጆቹ ነገር ነው። ቤተ ክርስቲያን ከ7 ዓመት በታች ያለን ልጅ ጹም አትልም እኮ፣ ያንቺዎቹ ግን እናንተ ስላስቆማችሁ ብቻ ሁዳዴን ሙሉ አብረዋችሁ እየጾሙ ነው። አንድ ኩባያ ወተት ውስጥ 8 ግራም ገደማ ፕሮቲንና 300 ሚሊግራም ያህል ካልሲየም አለ፣ የ2 ዓመት ልጅ ሆዱ ትንሽ ነው፣ ያንን በሽሮ በምስር ልሙላለት ብትዪ ስንት ጉርሻ ይችላል?

ስለዚህ ፆሙ ሳይገባ ባለላሟን አናግሪያት፣ አላቋርጥም ግማሽ ሊትር ለልጆቹ እወስዳለሁ በያት፣ አንዳንድ ኩባያ ይደርሳቸዋል። ከግማሽ ሊትር በላይ ካልሆነ አልሰጥም ካለችሽ ሊትሩን ውሰጂና ከጎረቤትሽ ጋር ተካፈሉት። ብዙ እናት ወተቱን የምትተወው ዕቃው ከፆም ምግብ ጋር እንዳይነካካ ፈርታ ነው፣ ለልጆቹ አንድ ድስትና ኩባያ ለብቻ ለዪላቸው በቃ። ደሞ ሳታፈዪ እንዳትሰጪያቸው፣ ጥሬ ወተት ብሩሴሎሲስ የሚባለውን የከብት በሽታም የከብት ቲቢም ያስተላልፋል፣ እርጎም ቢሆን ከጥሬው ከረጋ መኮምጠጡ ጀርሙን አይገድልልሽም፣ መጀመሪያ ይፍላ ከዛ ሲበርድ አርጊው።