ለሣሩና ለበረዶው አንድ መሣሪያ ይበቃናል ወይ?

ጥያቄ፦ ባለፈው ዓመት ከሚኒያፖሊስ ወጣ ብሎ በሚገኝ ገጠር አምስት ኤከር መሬት ያለው ቤት ገዝተናል። ከአውራ መንገዱ እስከ ቤታችን የሚያደርሰው የጠጠር መንገድ 130 ሜትር ያህል ይረዝማል። ባለቤቴ የረጅም ርቀት ጭነት መኪና ሹፌር በመሆኑ በሳምንት አራትና አምስት ቀን ከቤት ይርቃል፤ እኔ ነርስ ስለሆንኩ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ መውጣት አለብኝ። ባለፈው የበረዶ ወራት መንገዱን እንዲጠርግልን የቀጠርነው ሰው ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ከቀትር በኋላ ነበር። ባለቤቴ ለሣሩ ዜሮ ተርን የሚባለውን ማጨጃ እንድንገዛ፣ ለበረዶው ደግሞ ወደ ሥራ የሚሄድበት ፒክአፕ ላይ መግፊያ ምላጭ እንድናስገጥም ይፈልጋል። እኔ ግን ሁለቱንም ሥራ የሚሠራ አንድ ትንሽ ትራክተር ይሻላል እላለሁ። እርስዎ ምን ይመክሩናል?

አንዲት አንባቢ፣ ከሚኒሶታ

መልስ፦ እህታችን፣ ደብዳቤዎን ሳነብ ከሁሉ በፊት ያሳሰበኝ ስለ ሣሩ የጻፉት ሳይሆን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ብቻዎን የሚወጡ መሆንዎ ነው። ሣር አንድ ሳምንት ቢዘገይ ይረዝማል እንጂ ማንንም ከሥራ አያስቀርም። በረዶ ግን በዚያው ሌሊት ካልተነሣ መኪናዎ አይወጣም፤ ክፉ ነገር ገጥሞ አምቡላንስ ቢጠራም አይገባም። ስለዚህ ምርጫው ከበረዶው መጀመር አለበት፤ መሣሪያውም መመዘን ያለበት በባለቤትዎ ጉልበትና ልምድ ሳይሆን በእርስዎ ነው ብዬ አምናለሁ።

በመጀመሪያ የሸክሙን ልክ እንመልከት። 130 ሜትር የሚረዝምና 3.5 ሜትር የሚሰፋ መንገድ 455 ካሬ ሜትር ይሆናል። በዚህ ላይ 20 ሳንቲሜትር በረዶ ቢወርድ 91 ሜትር ኩብ ነው፤ አዲስ የወረደ ደረቅ በረዶ በሜትር ኩብ 100 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል ብለን ብናሰላ፣ በአንድ ሌሊት የሚነሣው ወደ 90 ኩንታል ይጠጋል። በማርች ወር እንደሚወርደው ያለ እርጥብ በረዶ ሲሆን ክብደቱ ሁለትና ሦስት እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ከኋላው እየተራመዱ የሚነዱት ስኖው ብሎወር፣ ማለትም በረዶውን አንሥቶ አርቆ የሚወረውር ማሽን፣ 28 ኢንች የሚሰፋው ቢሆን እንኳ መንገዱን ለመጨረስ አምስት ስድስት ጊዜ ማካለል ይጠይቃል፤ ይህም በብርድና በጨለማ አንድ ሰዓት ገደማ በእግር መሄድ ማለት ነው። ዋጋው ከሁሉም ያነሰ ስለሆነ ገንዘብ ካጠረ የሚያስነቅፍ ምርጫ አይደለም፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ 12 ሰዓት በእግርዎ ቆመው የሚሠሩ ሰው ነዎት።

የባለቤትዎ ሐሳብ አንድ ግልጽ ችግር አለበት። ፒክአፑን ይዞ ወደ ጭነት መኪናው ማቆሚያ የሚሄድ ከሆነ ምላጩም አብሮት ይሄዳል፤ እርስዎ በጣም በሚፈልጉት ሌሊት መሣሪያው ቤት የለም። ከዚህም ሌላ ምላጭ በረዶን ይገፋል እንጂ አያርቅም። የተገፋው በመንገዱ ግራና ቀኝ እየተቆለለ ይሄዳል፤ ቁልሉም ነፋስ የሚያመጣውን በረዶ እየያዘ መንገዱን ያጠባል፤ ጃኑዋሪ ሲደርስ የሚገፋበት ቦታ ይጠፋል። ስኖው ብሎወር ግን ወደ ሜዳው አርቆ ስለሚወረውረው ቁልል አይተውም። ዛፍና አጥር በሌለበት ገላጣ ገጠር ይህ ልዩነት ትልቅ ነው።

እንግዲህ የእርስዎን ሐሳብ እደግፋለሁ። የሚያስፈልጋችሁ ከትንሾቹ ትራክተሮች ሁሉ ትንሹ፣ ሰብ ኮምፓክት የሚባለው ዓይነት ነው፤ የኩቦታ ቢኤክስ ተከታታይ ሞዴሎችና የጆን ዲር 1025 አር የዚህ ወገን ናቸው። ናፍጣ የሚጠቀሙ፣ አራቱንም ጎማ የሚያሽከረክሩና ከ25 የፈረስ ጉልበት በታች ያላቸው ናቸው። ከ25 በላይ የሆኑት አዳዲስ የናፍጣ ትራክተሮች በአሜሪካ የጭስ ቁጥጥር ደንብ ምክንያት በአብዛኛው የጥላሸት ማጣሪያ ስለሚገጠምላቸው፣ ለአምስት ኤከር ቤት ያንን ተጨማሪ ወጪና ጥገና መሸከም ተገቢ አይመስለኝም። ማርሹ ሃይድሮስታቲክ የሆነውን ይምረጡ፤ ፔዳል በመርገጥ ብቻ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ፍሪሲዮን መርገጥ የለም።

ስኖው ብሎወሩ በፊት ወይም በኋላ ሊገጠም ይችላል። በኋላ የሚገጠመው ዋጋው ይቀንሳል፤ ግን መንገዱን በሙሉ አንገትዎን አዙረው ወደ ኋላ እየነዱ ነው የሚጠርጉት። በጨለማ ብቻውን ለሚሠራ ሰው የፊቱ ይሻላል። አንድ ጉዳቱ ኃይሉን የሚያገኘው በትራክተሩ ሆድ ሥር በሚያልፍ ዘንግ ስለሆነ የሣር ማጨጃው ሳይወርድ የማይገጠም መሆኑ ነው። ይህን ለውጥ በኦክቶበር አጋማሽ ይጨርሱ። በ1991 እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 31 እስከ ኖቬምበር 3 በዘለቀው የበረዶ ውሽንፍር በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል 28.4 ኢንች፣ ማለትም 72 ሳንቲሜትር፣ በዱሉዝ ደግሞ 36.9 ኢንች በረዶ ወርዷል፤ ያን ጊዜ ማጨጃው ሳይወርድ የደረሰበት ሰው ምን ያህል እንደተቸገረ መገመት ይቻላል።

መንገዳችሁ ጠጠር በመሆኑ የብሎወሩን ከንፈር ከመሬት ሁለት ሦስት ሳንቲሜትር ከፍ አድርገው የሚይዙትን የጎን ጫማዎች ያስተካክሉ፤ የመጀመሪያውን ቀጭን በረዶም ሳይጠርጉ መኪናው ይረጋግጠው፤ ያ ቆሻሻ የሚመስል ጠጣር ንጣፍ እስከሚሟሟበት ቀን ድረስ ጠጠሩን ይይዝላችኋል። አለበለዚያ ድንጋዩ ከበረዶው ጋር እየተወረወረ መስኮት ይሰብራል፣ ሰውም ይጎዳል።

አሁን ወደ ሣሩ። አምስት ኤከር ሁለት ሄክታር፣ በአገራችን አቆጣጠር ስምንት ጥማድ ያህል ነው፤ ይህን ሁሉ በየሳምንቱ ማጨድ ከጀመራችሁ ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር ድረስ የዕረፍት ቀናችሁን ይበላዋል። በቤቱ ዙሪያ ልጆች የሚጫወቱበትን አንድ ኤከር ተኩል ያህል ብቻ እንደ መስክ ያዙት፤ በትራክተሩ ሥር በሚገጠመው 54 ኢንች ማጨጃ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ቁመቱን ሦስት ኢንች ላይ ያድርጉት፤ አጥብቆ የተቆረጠ ሣር ሥሩ ስለሚያጥር ድርቅ አይችልም። የቀረውን በዓመት አንድ ጊዜ፣ በሣር ውስጥ የሚፈለፍሉ ወፎች ጫጩቶቻቸውን ካወጡ በኋላ፣ ከኦገስት ጀምሮ አራት ጫማ በሚሰፋ ቀላል ብራሽ ሆግ፣ ማለትም ረጅም ሣርና ቁጥቋጦ በሚቆርጥ ከኋላ የሚጎተት ማጨጃ፣ መምታት ይበቃዋል። ዜሮ ተርን በለጥ ያለ ሜዳ ላይ ከሁሉም ይፈጥናል፤ ይህን አልክድም። ግን የፊት ጎማዎቹ በነፃ የሚዞሩ ስለሆኑ አቅጣጫውን የሚይዙት የኋላዎቹ ብቻ ናቸው፤ እርጥብ ተዳፋት ላይ እነርሱ ከተንሸራተቱ ማሽኑን መምራት አይቻልም። ለበረዶውም እምብዛም አይረዳችሁም።

ስለ ጥንቃቄ በደብዳቤዎ አልጠየቁም፤ እኔ ግን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። በትራክተር መገልበጥ በአሜሪካ እርሻዎች ላይ ለብዙ ዘመን የሰው ሕይወት ከቀጠፉት ምክንያቶች ዋነኛው ነው። ከመቀመጫው ጀርባ ያለው የብረት ቅስት ቆሞ፣ ቀበቶውም ታስሮ ይነዱ፤ አንዱ ያለ ሌላው አይሠራም። ከትራክተሩ ጀርባ ወጥቶ መሣሪያዎቹን የሚያንቀሳቅሰው የፒቲኦ ዘንግ በደቂቃ 540 ጊዜ፣ በሴኮንድ ዘጠኝ ጊዜ ይዞራል፤ የጨርቅ ጫፍ ከያዘ ሰውየው እጁን ከማንሣቱ በፊት ይጠቀልለዋል። ስለዚህ በሌሊት ብርድ ጋቢ ደርቦ ወይም ነጠላ ተከናንቦ ወደ መሣሪያው መቅረብ ፈጽሞ አይገባም፤ የተጣበቀ ካፖርትና ጫፉ ወደ ውስጥ የገባ የአንገት ልብስ ይልበሱ። የብሎወሩ መውጫ በእርጥብ በረዶ ሲዘጋ ሞተሩን አጥፍተው ከመሣሪያው ጋር በሚሰጠው ዱላ ብቻ ያጽዱ፤ ሞተሩ ቢቆምም በምላጩ ውስጥ የታፈነ ኃይል ሊኖር ስለሚችል እጅ ማስገባት ጣት ያሳጣል። ልጅን ጭን ላይ አስቀምጦ ማጨድም በፍቅር የሚደረግ፣ ነገር ግን ልጆችን የገደለና እግር ያሳጣ ልማድ ነው።

ሞተሩ በብርድ እንዲነሣ ብሎክ ሂተር የሚባለውን የኤሌክትሪክ ሞተር ማሞቂያ ያስገጥሙ፤ ከመውጣትዎ ሁለት ሦስት ሰዓት በፊት እንዲሞቅ በሰዓት ቆጣሪ ያገናኙት። በኦክቶበር በታንኩ ውስጥ የቀረ የበጋ ናፍጣ በብርድ ይረጋል፤ ስለዚህ የክረምቱን ድብልቅ ይሙሉ፤ ፀረ ርጋት መድኃኒቱም የሚጨመረው ከመርጋቱ በፊት ነው።

ሁለት ነገር ልጨምር። በመንገዳችሁ አፍ ላይ የሕዝብ መንገድ ጠራጊው የሚተወውን ቁልል ወደ አውራ መንገዱ ወይም ከመንገዱ ማዶ መግፋት በሚኒሶታ ሕግ የተከለከለ ነው። የገጠር ቤት በመሆኑም የፍሳሽ ማጠራቀሚያውና ማስረጊያው መስክ የት እንዳለ አስቀድማችሁ እወቁ፤ በላዩ ያለው በረዶ እንደ ብርድ ልብስ ስለሚያሞቀው ትራክተር ከሄደበት ወይም ከተጠረገ ቅዝቃዜው ወደ ታች ዘልቆ ቧንቧውን በበረዶ ይደፍነዋል።

ከመግዛታችሁ በፊት፣ የሚጠግንላችሁና ዕቃ የሚያመጣላችሁ ሻጭ ከግማሽ ሰዓት መንገድ ባይርቅ ይመረጣል፤ ሁለተኛ እጅ ከሆነ የሠራበትን ሰዓት የሚያሳየውን ቆጣሪ ይመልከቱ፣ ለዚያ ሞዴል የሚሆን ብሎወር መኖሩንም ያረጋግጡ። ከዚያ ባለቤትዎ ቆሞ እያየ፣ ሳይረዳዎት፣ ማጨጃውን እርስዎ ያውርዱ፣ ብሎወሩን ይግጠሙ፣ ሞተሩን ያስነሡ። ሻጩ ይህን እንዲሞክሩ ካልፈቀደ ወደ ሌላ ሻጭ ይሂዱ።