ውሃ ሲሄድ፣ ነዳጅ ሲጠፋ፦ ስለ ብስክሌትና ተጎታች ጋሪ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከባሕር ዳርና ከአካባቢዋ የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ አንድ ጉዳይ ናቸው። ውሃ ለቀናት ሲቋረጥ፣ ቤንዚን ጠፍቶ ባጃጅ ሲቆም ብስክሌት ለቤተሰብ ምን ያህል ይደርሳል? አራቱን መርጠናል።

«አምስት ቤተሰብ ነን። ውሃ ከሄደ ሦስት አራት ቀን ይቆያል። ያለኝ ተራ 28 ቁጥር ብስክሌት ነው። በአንድ ዙር ስንት ጀሪካን ልጫን?» (ከሽምብጥ)

መጀመሪያ የሚያስፈልግዎትን ይወቁ። በአደጋ ጊዜ ለመጠጥ፣ ለማብሰያና ለመታጠቢያ ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር ይታሰባል። ለአምስት ሰው 75 ሊትር ነው፤ አራት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ማለት ነው። ውሃ በሊትር አንድ ኪሎ ስለሆነ 80 ኪሎ ይመዝናል።

የብስክሌት የኋላ መጫኛ ብዙውን ጊዜ የሚችለው 25 ኪሎ ያህል ነው። ስለዚህ እየነዱ መሄድ የሚችሉት በአንድ ጀሪካን ነው። ግራና ቀኝ አንጠልጥለው ሁለት ሦስት ከጫኑ ብስክሌቱን ይግፉት እንጂ አይውጡበት። እንዲያ ጭኖ ከነዱት የኋላው ቸርኬ ሽቦ ይበጠሳል፤ አንዱ ሲበጠስ ቸርኬው ይጣመማል፣ ፍሬኑን መንካት ይጀምራል፣ ቀሪዎቹ ሽቦዎችም ይከተላሉ።

ተጎታች ጋሪ ካለዎት በሜዳ መንገድ ሦስት ጀሪካን እየነዱ፣ አራት ደግሞ እየገፉ ይወስዳሉ። ጀሪካኑን እስከ አፉ ይሙሉት። ግማሽ የሆነ ጀሪካን ውስጡ ያለው ውሃ ወዲያ ወዲህ እየተናጠ ጋሪውን ያወዛውዘዋል፤ ሁለት ተኩል ከመጫን ሁለት ሙሉ ይሻላል።

ቧንቧው ሁሉ ደርቆ ከጣና መቅዳት ግድ ከሆነ ውሃው ውስጥ አይግቡ። ብልሃርዝያ የሚይዘው በቆዳ በኩል ነው። ከጀልባ መቆሚያ ላይ ሆነው ባልዲ በገመድ ይጣሉ። የሚጠጣውን በንጹሕ ሻሽ አጥልለው ያፍሉት፤ ከተንተከተከ በኋላ ሦስት ደቂቃ እሳት ላይ ይቆይ። የመታጠቢያው ደግሞ ተከድኖ ሁለት ቀን ይቀመጥ፤ የብልሃርዝያው ትል በዚያ ጊዜ ውስጥ ይሞታል።

«ብየዳ ቤት ጋሪ ላሠራ ነው። ባለሙያው የእህል ጋሪ እንጂ የብስክሌት አልሠራም። ምን ብዬ ልዘዘው?» (ከፋሲሎ)

ወለሉ 100 በ60 ሳንቲ ሜትር ይሁን። 25 በ25 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ውፍረቱ 1.5 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ብረት) ይበቃል። «ወፍራሙ ይሻላል» ቢልዎት እሺ አይበሉ፤ ባዶው ጋሪ ከ20 ኪሎ ካለፈ በውሃ ፈንታ ብረት ሲጎትቱ ይከርማሉ።

ጎማዎቹ 20 ቁጥር የልጆች ብስክሌት ጎማዎች ይሁኑ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የብስክሌት ጎማ የሚዞርበት ዘንግ ቀጭን ነው፤ የተሠራውም በሹካ ከሁለት ወገን እንዲያዝ ነው። የእህል ጋሪ የለመደ ባለሙያ ጎማውን በአንድ ወገን ብቻ ጎኑ ላይ ያስርልዎታል። ባዶውን ሲጎትቱት ምንም አይታይም። ሲጫን ግን ዘንጉ ይጎብጣል፣ ጎማው ከላይ ወደ ውስጥ ያዘነብላል፣ ኩሽኔታው ይፈጫል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ጎማ ውጭ ሌላ ቱቦላሬ ዙሮ ዘንጉን ከወዲያም ከወዲህም ይያዘው።

መጎተቻው በግራ በኩል ይውጣ፤ ካቴናው በቀኝ ነውና። የሚታሰረውም ዝቅ ብሎ፣ ከኋላ ጎማው ዳዶ አጠገብ ነው። ኮርቻው ሥር ካሠሩት መታጠፊያ ላይ ጭነቱ ብስክሌቱን ገፍቶ ይጥለዋል። መገጣጠሚያው ግራ ቀኝ፣ ላይ ታች መታጠፍ ብቻ ሳይሆን መጠማዘዝም አለበት፤ ያኔ ብስክሌቱ ቢወድቅ ጋሪው አይገለበጥም። ውስጡ ክር ያለው ወፍራም የጎማ ቱቦ ቁራጭ በሁለት ፋሼታ (የብረት ማጥበቂያ ቀለበት) እና በቡሎን ቢታሰር ይህን ሁሉ ይሠራል። ጎማ ግን አንድ ቀን ይቀደዳል። ስለዚህ ጠንካራ የናይለን ቀበቶ ከመጎተቻው ወደ ብስክሌቱ አካል ዞሮ ይታሰር፤ ይህን አይተዉት።

ሳይከፍሉ በፊት ሦስት ሙሉ ጀሪካን ጭነው የመጎተቻውን ጫፍ በሚንጠለጠል ሚዛን ያንሡት። ከ4 እስከ 6 ኪሎ ካሳየ ልክ ነው። ከዚያ ካነሰ ጋሪው ወደ ኋላ ከብዷል፤ ፈጠን ሲሉ ጅራቱን ይቆላል፣ የብስክሌቱንም ኋላ ያነሣዋል። ጎማዎቹን ትንሽ ወደ ኋላ ማዛወር ያስተካክለዋል።

«ቤቴ ከአባይ ማዶ፣ ከቤዛዊት ኮረብታ በታች ነው። ቁልቁለቱን ጭኜ ልወርደው እችላለሁ?» (ከአባይ ማዶ)

ወርደው በእግርዎ ከሆነ፣ አዎ። መጎተቱ ቀላል ነው፤ አስቸጋሪው ማቆሙ ነው። ብስክሌቱ፣ እርስዎ፣ ጋሪውና 60 ኪሎ ውሃ ሲደመር 160 ኪሎ ያህል ነው፤ ፍሬኑ ግን የተሠራው ለእርስዎና ለብስክሌቱ ነው። በክረምት ደግሞ የብረት ቸርኬ ሲርስ የፍሬኑ ጎማ ያንሸራትታል። የኋላውን ፍሬን አስቀድመው ይያዙ፤ እየታጠፉ የፊቱን ከያዙ ጋሪው ከኋላ ገፍቶ ያጥፍዎታል። ቁልቁለት ላይ አንድ ሰው ከኋላ በገመድ ጋሪውን ወደ ራሱ እየሳበ ይያዝ። የፍሬን ጎማዎቹንም ሰኔ ሳይገባ ይቀይሩ።

«የርብና የጉማራ ወንዞች ሲሞሉ መንገዱ በውሃ ይሸፈናል። በጋሪ እህል ማውጣት ይቻላል?» (ከፎገራ)

የቆመ ውሃ ከሆነና ከጎማው መካከል ካላለፈ ይቻላል። ለሚፈስ ውሃ ግን አይሞክሩት፤ ጋሪው ይንሳፈፋል፣ ብስክሌቱንም ይዞ ይሄዳል። መሬቱ ከማይታይበት ቦታ ፊት ፊት በዱላ እየለካ የሚሄድ ሰው ይኑር። ከደረሱ በኋላ በዚያው ቀን ኩሽኔታዎቹን ፈትተው በላምባ ይጠቡና አዲስ ግሪስ ይቀቡ፤ ጭቃው ከደረቀ ኩሽኔታውን ይበላዋል።

ጎሚስታ በማይገኝበት ቀን የሚያስፈልጉ ዕቃዎችን የጠየቁንም አሉ። ለብስክሌቱም ለጋሪውም በየቁጥራቸው አንዳንድ ትርፍ ከመነዳሪ፣ መንፊያ፣ የዳዶ መፍቻ፣ ፒንሳ፣ ለማሰሪያ የሚሆን በረጅሙ የተቀደደ አሮጌ ከመነዳሪ፣ መጣፊያና የብርጭቆ ወረቀት በአንድ ከረጢት ያኑሩ። ማስቲሽ ያልተከፈተ ይሁን፤ አንዴ ከተከፈተ በቱቦው ውስጥ ይደርቃል፣ ይህም የሚታወቀው በሚፈለግበት ቀን ነው። ሲለጥፉ ማስቲሹ ማብረቅረቁን እስኪተው ይጠብቁ፤ እርጥቡ ላይ የተለጠፈ መጣፊያ ጭነት ሲመጣ ይነሣል። አዲሱን ከመነዳሪ ከማስገባትዎ በፊት የጎማውን ውስጥ በጨርቅ ዙሪያውን ይጥረጉት፤ የመጀመሪያውን የበሳው እሾህ እዚያው ተሰክቶ ከሆነ ጨርቁን ይይዘዋል።